የሁለት እጅ አንድ ሽጉጥ

ጂንካ ፖሊስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት እንደዚያ ሽጉጥ ያናደደኝ ነገር የለም። ለክልሉ የፖሊስ ዒላማ ተኩስ ውድድር ከዞናችን ሁለት ሰው ተመረጥን፤ እኔና ከዲመካ የመጣ የሐመር ተወላጅ ባልደረባዬ። ከሁለታችን የተሻለ ነጥብ ያመጣው ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋል። በተኩስ እሱን የሚስተካከል እንደሌለ የጣቢያው ሰው ሁሉ ይምላል። እኔ ደግሞ «ሴት ትኑር ተብሎ ነው የገባችው» የምባል ነኝ። ፊት ለፊት ባይሉኝም እሰማለሁ፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ስለዚህ ዋንጫውም ሜዳሊያውም አላጓጓኝም። የፈለግኩት ያን ሁሉም የሚምልለትን ሰው በትክክል ማሸነፍ ብቻ ነበር።

ውድድሩ በስድስት ጎራሽ ነው፤ ያ ጥይቱን በሚሽከረከር ክብ ቤት የሚይዘው ሽጉጥ። ግምጃ ቤታችን ውስጥ ሁለት ነበሩ። አንዱ አፈሙዙ ረጅም፣ እጀታው ወፍራም፣ ቀለሙ የለቀቀ ነው፤ የባልደረባዬ መዳፍ ላይ ልክ ቁጭ ይላል። ሌላው አጠር ያለ፣ እጀታው ቀጭን፤ የእኔ ጣት ቃታው ላይ የሚደርሰው በዚህኛው ብቻ ነው። ሁለቱንም ይዘን እንሂድ አልኩ። አዛዣችን «ለአንድ ዞን አንድ መሣሪያ ነው፤ ተስማምታችሁ ምረጡ» አሉ። እንግዲያው ተኩሰን እንሞክራቸው ስል፣ ጥይቱ ለውድድር እንጂ ለሙከራ አልተፈቀደም ተባለ። ሰው ጫማ እንኳ ሳይለካ አይገዛም!

ባዶ ቃታ እየሳብን ተከራከርን። ባልደረባዬ ትንሿን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «እህቴ፣ ይሄ ገና ጥጃ ነው፤ እናቱ የት አለች?» እያለ ያሾፍብኛል። እኔ የረጅሙ ቃታ ሲሳብ አፈሙዙ እንዴት እንደሚናወጥ፣ የትንሿ ቃታ ግን እንዴት ለስላሳ እንደሆነ ለአዛዡ ለማስረዳት ምራቄ እስኪደርቅ ለፋሁ። እሳቸው ሁለቱንም ወደ መስኮቱ ወስደው በብርሃን አገላብጠው አዩና ትንሿን አነሡ።

«ይቺ ታብለጨልጫለች። ፎቶ ላይ ታምራለች» አሉ።

የፈለግኩት ሆነልኝ፤ ግን በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ካስረዳሁት አንዱም ጆሯቸው አልገባም።

ባልደረባዬ ነገር አላበዛም። ከሞተር ሳይክል ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ እጀታው ላይ ጠመጠመና መዳፉን እንዲሞላ አደረገው። ያለ ጥይት ስንለማመድ በእሱ ተራ ይጠመጥማል፣ በእኔ ተራ እፈታለሁ። እንዲህ ስንነዛነዝ ሰነበትን።

የውድድሩ ጠዋት ዳኛው አዲስ ደንብ ነገሩን። ሽጉጡ አንዴ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ፣ ሁለታችንም ተኩሰን እስክንጨርስ ምንም አይጨመርበትም፣ ምንም አይቀነስለትም። ላስቲኩ ከኖረ ለሁለታችንም ይኖራል፤ ከተነሣም ለሁለታችንም ተነሣ ማለት ነው። ዕጣ እናውጣ ልል አፌን ስከፍት፣ ባልደረባዬ ቢላዋ አውጥቶ ላስቲኩን ሸርክቶ ጣለው።

«ቆይ እንጂ! ማን ጠየቀህ?» ብዬ ጮህኩበት። እሱ ግን ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ቀድሞ ተኮሰ። ያቺ ቀጭን እጀታ ሰፊው መዳፉ ውስጥ እየተንሸራተተች ጥይቶቹ ከመሃል ወደ ታች ወረዱ። ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ጥሩ ተኮስኩ፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። በነጥብ በለጥኩትና አለፍኩ። አዛዡ እየሮጡ መጥተው ከሽጉጧ ጋር ፎቶ አስነሡኝ።

ወደ ጂንካ ስንመለስ መኪናው ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥኩና «ለምን ቆረጥከው?» አልኩት።

«ላስቲክ ካለ ጣትሽ ቃታው ላይ አይደርስም። ላስቲክ ከሌለ እኔ እስታለሁ፣ ግን እተኩሳለሁ። እንዴት ዝም ብዬ ልይሽ?»

«እኔ ላሸንፍህ ነበር የፈለግኩት!»

«አሸነፍሽ እኮ» አለኝ፤ ከልቡ ነው።

ቅንነቱ የበለጠ አቃጠለኝ። ክፉ ቢሆን ኖሮ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እሱ ወደ ኦሞራቴ ተዛወረ፤ ከእሱ ጋር ለመወዳደር ሁለተኛ ዕድል አላገኘሁም። እስከ ዛሬ ሰዎች «ያን የሐመር ተኳሽ ያሸነፈችው እሷ ናት» እያሉ ያስተዋውቁኛል። እኔም ፈገግ ብዬ እጅ እጨብጣለሁ። ማሸነፌን ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቀዋል።