ቁርቁራዋ ሥር የቀረው አባቴ

አባቴ የሞተው ነሐሴ ላይ ነው፤ ዋልካው አፈር ትራክተር በሚውጥበት ጊዜ። እርሻችን ከአብደራፊ ወደ ሱዳን ጥግ ነበር፣ ሰሊጥና ማሽላ። አስከሬኑን ቤተ ክርስቲያን ልናደርስ ትራክተር ብናስነሳ ከእርሻው ካምፕ ሳይርቅ እስከ ሆዱ ሰጠመ። አስከሬን ደግሞ በዚያ ሙቀት አይቆይም። ምን እናድርግ? ማሳው ጫፍ ላይ ካለችው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ቀበርነው። ዝናቡ ሲያባራ አፅሙን አውጥተን ደብሩ ግቢ ልናሳርፈው፣ እናቴም ቀኗ ሲደርስ ከጎኑ ልትተኛ ነበር ሐሳባችን።

መቃብሩን የቆፈረው የአባቴ ሸሪክ ነው። ሱዳናዊ ነው፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ማሳው ከእኛ ማሳ ጋር ይዋሰናል። የእኛ ትራክተር ሲበላሽ በእሱ እናርሳለን፣ እሱን ሠራተኛ ሲያጥረው የእኛዎቹ ያጭዱለታል። አማርኛውን በአረብኛ እየቀላቀለ ነው የሚያወራው፤ "ችግር አለ?" ሲሉት "ማፊ! ምንም የለም!" ማለት አመሉ ነው። ያን ቀን ጀለብያውን ሰብስቦ ጉድጓድ ገባ፤ ውሃው ሲሞላበት በጣሳ እየቀዳ ቆፈረ። አፈሩንም መጀመሪያ ያለበሰው እሱ ነው። "ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እኔ እያለሁ ይቺን ቦታ ማረሻ አይነካትም" አለኝ እያለቀሰ። ሰው ቶሎ የማታምነው እናቴ እንኳ ጉልበቱን ልትስም ነበር።

ዝናቡ አባራ። የአፅም ሳጥን አሠርተን፣ ቄሱን አነጋግረን፣ እኔ ለፈቃድ ወረዳ ቢሮ ሄድኩ። ያኔ ድንበሩ ሊካለል ነው፣ አይደለም የሚባልበት ጊዜ ነበር። ኃላፊው የእኛው ሰፈር ልጅ ነው፣ አባቴን "ጋሼ" እያለ ያደገ።

"እንዳታወጪው!" አለኝ። "ነገ መሬቱ የማን ነው ሲባል ምን እናሳያለን? መቃብሩ እኮ ነው ምስክራችን። አፅሙን ካነሳሽ መሬቱን ለቀናል ማለት ነው።"

"ኧረ ወንድሜ! አባቴ የድንበር ችካል ነው እንዴ?"

ሳቀ። "ትንሽ ታገሱ፣ ለሀገር ነው። ማንም አይነካችሁም፣ እኛ አለን።"

እኔ ሞኟ ታገስኩ። እናቴም ሳጥኑን አልጋዋ ሥር አስገብታ ጠበቀች።

"እኛ አለን" ያሉት ግን አልነበሩም። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ እየደረቀ ሳለ ሰሜን ላይ ጦርነት ተነሳ። የእኛ ወታደር ወደዚያ ዞረ፣ የሱዳን ጦር ወደ እኛ ገባ። በለበስነው ልብስ ወጣን። ቢሮ ሄደን ስንጮህ "ጉዳዩ በድርድር ላይ ነው" አሉን። ዛሬም በድርድር ላይ ነው። ሰሊጥ እንደሆነ ድርድር አያውቅ፤ ከደረቀ ይራገፋል።

መሬቱስ ይሁን። የእናቴ ነገር ነው ያንገበገበኝ። ጉልበቷ እየከዳት፣ "ግድ የለም፣ ሸሪካችን እዚያው ነው፣ ይጠብቀዋል" እያለች ትጽናናለች። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይባላል። እኛ አብሮን የቀበረውን አመንን።

ሸሪካችን መተማ ዮሐንስ ገበያ ብቅ ማለት ጀምሯል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። የጭነት መኪኖቹ ከሚቆሙበት አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጦ አገኘሁት። ሲያየኝ ደነገጠ።

"መሬት ልጠይቅህ አልመጣሁም" አልኩት። "የአባቴን አፅም ብቻ ስጠኝ፣ በማዳበሪያ ከረጢትም ቢሆን። እናቴ ደክማለች።"

ሻዩን አማሰለ። "የምን አፅም?"

"ቁርቁራዋ ሥር ያለው ነዋ!"

"ቁርቁራ ማፊ። ተቆርጣለች።"

"መቃብሩስ?"

"መቃብርም ማፊ" አለ። "እዚያ ሐበሻ ተቀብሮ አያውቅም።"

"አንተ ሰው፣ እግዜርን አትፈራም? አንተ አይደለህም እንዴ የቆፈርከው!" ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያ ኡኽቲ፣ መቃብር አለ ያልኩ ቀን መሬቱ የእናንተ ነው ማለቴ ነው። ከእጄ ይወስዱታል። አሳርሼ ሰሊጥ ዘርቼበታለሁ። እርሺው።"

የቢሮውን ወሬ ነው የደገመልኝ፤ ለአንዱ አባቴ መነሳት የለበትም፣ ለሌላው ጭራሽ አልነበረም። ሻዩን ፊቱ ላይ ልደፋበት አሰብኩ። ልወጣ ስል ደግሞ "ለእናትሽ ሰላም በይልኝ" አይለኝም! ሰላም! ምላሱ አይቆረጥም?

መንገዱን ሙሉ ውሸት ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። ቤት ስደርስ እናቴ ሳጥኑን ከአልጋው ሥር አውጥታ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ በር ላይ አስቀምጣዋለች። ባዶ እጄን አየች።

"አሳርሶታል፣ እማዬ። መቃብር የለም ይላል።"

"አፈር ያለበሰው እሱ አይደለም እንዴ?" አለች። "ምን ዘራበት?"

"ሰሊጥ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ፣ በጾም እንኳ ቢሆን፣ ሰሊጥ የነካው ምግብ አትቀምስም።