ለእኔ ብቻ የተላከውን ደረሰኝ ለከተማው አሳየሁት

ዛሬ ረፋድ ላይ አንዲት ደንበኛዬ ሱቄ ድረስ መጥተው ሲያለቅሱ መግቢያ አጣሁ።

እዚህ ሚዛን ከተማ ዊግ በሱቄም በቴሌግራምም እንደምሸጥ ታውቃላችሁ። ደንበኛዬ እዚሁ አጠገባችን አማን ከተማ የሚያስተምሩ መምህርት ናቸው። ታመው ጸጉራቸው ስለረገፈ ዊግ አዘዙኝ፣ በሞባይል ባንኪንግ ከፈሉና ደረሰኙን ስክሪንሾት አድርገው ላኩልኝ።

እኔ ደግሞ ትናንት «ደንበኞቻችን ያምኑናል» ብዬ ከነሙሉ ስማቸው ቻናሌ ላይ ለጠፍኩት። (እምነታቸውን እንዴት እንደጠበቅኩ እዩልኝ!)

ተማሪዎቻቸው አይተውታል። ዛሬ ጠዋት ክፍል ሲገቡ አንዱ ከኋላ «ዊጉ ያምራል ቲቸር» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ሞላው።

«ልጄ፣ ደረሰኙን የላክሁት ላንቺ አይደል እንዴ?» አሉኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ቲቸር፣ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

«ልጆቹ ስልክ ላይ ያለውንስ?»

ይህን ብለው ባጃጅ ይዘው ሄዱ።

ቻናሌ ላይ የነበሩትን ደረሰኞች በሙሉ አጥፍቻለሁ። የአንዱንም ባለቤት አስፈቅጄ አልነበረም። አፍሬያለሁ።

እናንተስ ለሻጭ የላካችሁት ነገር ሳታውቁ አደባባይ ወጥቶባችሁ ያውቃል? ያወጣሁባችሁ እኔ ብሆንም እዚሁ ንገሩኝ።