የአረፋ ዕለት የበላነው ሥጋ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሦስት ዓመት ወንጌል ሰብኬያለሁ። ሰበክሁ ስል ሰው ተሰብስቦ አዳመጠኝ ማለቴ አይደለም። በር አንኳኳለሁ፣ «ቤቶች!» እላለሁ፣ ከውስጥ «እኛ ሃይማኖት አለን፣ ደህና ዋሉ» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ወደሚቀጥለው በር እሄዳለሁ። ሥራው ይኸው ነበር። ክረምት ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ በጋ አቧራው ጉሮሮ ይዘጋል። የቤተ ክርስቲያኔን ስም አልጽፍም። ትንሽ ናት፤ ከጻፍሁት ማን ማንን እንዳማ ሁሉም ያውቃል።

የተላክነው ለውጡ በመጣ ሰሞን ነው። ያኔ የማይቻል ነገር ያለ አይመስልም ነበር። መሪዎቻችን «በሩ ተከፍቷል» እያሉ ወጣቶችን ሁለት ሁለት አድርገው በየከተማው ላኩ። ለሐይቅ የተመደበችው የአዲስ አበባ ልጅ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ሴት ልጅ ብቻዋን አትላክምና ጓደኛ አስፈለጋት፤ እኔ ደግሞ ባሌ የሞተብኝ፣ ሃምሳ ያለፈኝ፣ የአገሩ ተወላጅ ነኝ። ደብዳቤው «የአገልግሎት ጓደኛ» ይላል። የሠራሁት ግን ወጥ ማውጣትና ካልሲ ማጠብ ነው። ልጅቷ «እናቴ» ትለኝ ነበር። እናቴ የምትለኝ አንድ ነገር ስትፈልግ ብቻ መሆኑን ለመረዳት ሁለት ሳምንት በቃኝ።

ደንባችን በአንድ ነገር ጥብቅ ነበር፤ ጓደኛሞች አይለያዩም። አንዷ የገባችበት ቤት ሌላዋ ትገባለች፣ አንዷ የቀመሰችውን ሌላዋ ትቀምሳለች። ሽንት ቤት እንኳ ስንሄድ በር ላይ ቆመን እንጠባበቅ ነበር። ለእኔ ዕድሜ ይህ ምን ያህል እንደሚያደክም የደንቡ ጸሐፊዎች አላሰቡትም።

የተከራየነው ክፍል የአንዲት ሙስሊም ጨርቅ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነው። አከራያችን ምላሷ ስል ነበር። ማታ አቧራ ለብሰን ስንመለስ በር ላይ ተቀምጣ ትጠብቀናለች።

«ዛሬስ ስንት አጠመዳችሁ?»

«ማንንም፣» እላታለሁ።

«ወላሂ፣ የሐይቁ አስጋሪዎች ይሻሏችኋል። እነሱ እንኳ ባዶ እጃቸውን አይመለሱም።»

ልጅቷ ትስቃለች። እኔ አልስቅም ነበር። ሐይቅ የመጣሁበት ሌላ ምክንያት ነበረኝ፤ ለማንም አልነገርሁም።

ታላቅ ወንድሜ አምባሰል ውስጥ፣ ወደ ግሸን በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ በእናታችን ቤት ሆኖ ያርሳል። ሃይማኖቴን ስቀይር በሩን ዘጋብኝ። እናታችን ስትሞት እንኳ የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። ሐይቅ ከገባሁ ጀምሮ በገበያተኛ እጅ ሰላምታ እልክለት ነበር፤ መልስ የለም። በሦስተኛው ዓመት ክረምት መልስ መጣ። ፍልሰታ ሲፈታ የእናታችንን የሰባት ዓመት ተዝካር ሊያወጣ ነው። «ትምጣና ከሴቶቹ ጋር ትሥራ፤ ስብከቷን ግን እዚያው ትተወው» ብሏል። ያን ዕለት ክፍላችን ውስጥ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስሁ። ልጅቷ «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። «ጉንፋን ነው» አልኋት።

ከዚያ አረፋ ደረሰ።

አከራያችን ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለበዓሉ ጠራችን። ወሎ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፤ መጠራራቱ ግን አይቀርም። ስለዚህ ጠሪው ለሌላው እንግዳ ለብቻ ያሳርዳል። እሷም ለእኛ ዶሮ ገዝታ፣ የክርስቲያን ጎረቤቷን ባል ለምና አሳርዳ፣ በአዲስ ድስት ሠርታ ጠበቀችን። ሳህኑም አዲስ ነበር።

«ይኼ የናንተ ነው፣» አለች ድስቱን እያስጠጋች። «የኛ እጅ አልነካውም። አብሽሩ፣ ብሉ።»

ልጅቷ የዶሮውን ሳህን በእጇ ገፋ አደረገችው። «እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ልዩነት የለም፣» አለች ፈገግ ብላ። «በጌታ ሥጋ ሁሉ ንጹሕ ነው።» ከዚያም እጇን ዘርግታ ከትልቁ ትሪ የአረፋውን በግ ቆርሳ ጎረሰች።

«ኧረ በአላህ ልጄ! ያንቺ ይኼኛው ነው!»

የአከራያችን አማት፣ ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌ፣ አጨበጨቡ፤ «እሰይ! እንግዲህ ጁምዓ መስጊድ እንጠብቅሻለን!»

ሁሉም ሳቀ። ልጅቷም አብራ ሳቀች፤ ምን እንዳደረገች አልገባትም። ሳቋን ሳትጨርስ ሌላ ጠቀለለችና ወደ እኔ ዘረጋችው። «እናቴ፣ እንቺ።»

እምቢ ብል በበዓሏ ቀን፣ በዘመዶቿ ፊት፣ የሴትዮዋን ሥጋ ተጸየፍሁት ማለት ነው። ብጎርሰው እኔ ሳልደርስ ወሬው አምባሰል ይደርሳል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እጇ አፌ ላይ ቆሟል። ጎረስሁ።

አከራያችን ዶሮዋን ከድና ወደ ጓዳ መለሰቻት። የከፋት ስለ ሥጋው ሳይሆን ስለ ድካሟ ነበር። በማግስቱ «አሁን ዶሮዋን ማን ይብላት? እኛ አንበላት» ብላ ለዚያው ላረደላት ጎረቤት ሰጠች። ጎረቤቲቱ «ምነው፣ እንግዶቹ ቀሩ እንዴ?» ብትላት ዋሽታ አታውቅምና «ኧረ መጥተዋል፣ የኛን በልተው ነው» አለቻት። በቃ።

ሳምንት ሳይሞላ ከአምባሰል የመጣ ገበያተኛ የወንድሜን ቃል አደረሰኝ። «ሃይማኖቷን ስትቀይር፣ ክርስቶስን እስካልካደች ድረስ ብዬ ችዬ ነበር። አሁን ከእናቴ ተዝካር ድርሽ እንዳትል።»

ለልጅቷ ነገርኋት። «እናቴ፣ ይሄ እኮ ባህል ብቻ ነው፣» አለችና ሪፖርቷን መጻፍ ቀጠለች። በየሳምንቱ ደሴ ላለው ኃላፊያችን ሪፖርት ትልክ ነበር። ምን እንደጻፈች ያወቅሁት እሱ ሲጠራኝ ነው።

«አንቺ የአገሩ ሰው አይደለሽም እንዴ? ለልጅቷ አስቀድመሽ እንዴት አትነግሪያትም? ጓደኛዬ አልመከረችኝም ብላ ጽፋለች።»

ለዓመታት በዚህ ነገር ስብሰለሰል ኖሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ግን እውነቱን ልጻፍ። አልነገርኋትም ነበር። ወደ ግብዣው ስንሄድ ልነግራት አስቤ ተውሁት። ደክሞኝ ነበር። ከድካሙ ሌላ ምክንያት ካለም እሱን አልጽፍም። እሷ ግን ሰው ፊት ስታጎርሰኝ ዓይኔን አይታለች። ፊቴን አንብባ እጇን መመለስ ትችል ነበር።

ተዝካሩ ሳይወጣ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ ከሰሜን የሚሸሽ ሰው መንገዱን ሞላው፣ ከዚያ ስልኩ ጠፋ፣ ከዚያ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከአምባሰል ተራሮች በኩል ይሰማ ጀመር። አንድ ጠዋት ከደሴ መኪና መጣ። ኃላፊው ራሱ ነበር። ልጅቷን ከነሻንጣዋ አስገባና ወደ እኔ ዞረ። «ቦታ የለም። አንቺ የአገሩ ሰው ነሽ፣ ምንም አትሆኝም።»

ልጅቷ በመስኮት «እናቴ፣ እጸልይልሻለሁ» አለች። ጓደኛሞች አይለያዩም የሚለው ደንብ እዚያ መኪና በር ላይ አለቀ።

አከራያችን እጄን ያዘችኝ። «ግቢና በሩን ዝጊው፣» አለች።

ከሦስት ቀን በኋላ ወንድሜ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ግቢው በር ላይ ቆመ። ቤቱን ጥሎ በእግሩ ነው የመጣው። ከተማው ውስጥ የሚያውቀው ቤት፣ ሰላምታዬን የምልክበትን ይህን ቤት ብቻ ነበር። እኔን አላየኝም፤ መሬት መሬት ያያል። አከራያችን «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ! ደጅ ቆሞ ጥይት ይጠበቃል?» አለችው።

ገበያ የለም፣ ወፍጮ ቆሟል። የአከራያችን ዘመድ ከሐይቁ እየሰረቀም እየለመነም ዓሣ ያመጣ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ትሪው ሲቀርብ ወንድሜ እጁን ሰበሰበ።

«ጋሼ፣ ዓሣን ማን ያርደዋል?» አለችው። «የማን ቢላዋ ነው ብለው እንዳይጠይቁኝ። ከውኃ ወጣ፣ በራሱ ሞተ።»

ወንድሜ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ከተማው ተመልሶ ሰላም እስኪሆን ድረስ፣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ ዓሣ በላን። እጄ እጁን ይነካው ነበር። ስለ ሥጋው አንስቶም አያውቅ፤ ስለ እናታችንም።

ልጅቷ ዛሬ ትልቅ ሰው ናት። የአረፋውን ነገር መድረክ ላይ እንደምትናገረው ሰምቻለሁ፤ ፍቅር ግድግዳ ሲያፈርስ እያለች። በታሪኳ ውስጥ ዶሮዋ የለችም፤ እኔም የለሁም።

ወንድሜ የዘገየውን ተዝካር በጥር አወጣ። «ነይ» ብሎ ላከብኝ። ከአከራዬ ጋር ሄድሁ። ለእሷና ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ለብቻ በግ አሳርዶ ነበር፤ ለክርስቲያኖቹ ደግሞ በሬ ወድቋል። ሁለት ዳስ፣ ሁለት ድስት። የወንድሜ ሚስት ጭልፋ ይዛ መጥታ መሃል ላይ ቆመችና ወደ እኔ ጠቆመች።

«ለእሷስ ከየትኛው ላውጣ?»

ወንድሜ አየኝ። «ከሁለቱም ተይው፣» አላት። «ሽሮ ስጫት።»

በእናቴ ቤት፣ በእናቴ ተዝካር፣ ለብቻዬ በቀረበልኝ ሳህን ሽሮ በላሁ። ጨው አንሶት ነበር። ስጨርስ ሳህኑን ራሴ አጠብሁትና ከሴቶቹ ጋር ወደ ሥራ ገባሁ።