የእህቴ ዓረብኛ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮ ከተከፈተ የተሳፋሪው አፍም አብሮ ይከፈታል። የሐረጎ ዳገት ረጅም ነው፤ ሰው ገደሉን ላለማየት ሲል ይከራከራል። አንድ ቀን ማምሻውን ጋዜጠኛው ስለ አንድ የአውሮፓ አገር አወራ። እዚያ የገባ ስደተኛ ሁሉ የአገሩን ቋንቋ ተምሮ ፈተና ካላለፈ መኖሪያ ፈቃድ አያገኝም አለ። ሚኒባሱ በሙሉ ደገፈ። እንዲያውም ዘግይተዋል የሚል ነበር። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ብለው ነገሩን ቋጩት። እኔ ራሴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ አዳመጥኩ። ሐሳብ አጥቼ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ሳስተረጉም ውዬ ምላሴ ዝሎ ነበር።

ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ከባሕር ማዶ የመጣው አለቃችን በእንግሊዝኛ የሚለውን ለሠራተኞቹ በአማርኛ እላለሁ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። በርበሬ ይችላል፤ ስለ ኮምቦልቻ ሙቀትም እንደ አገሬው ሰው ያማርራል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የተማራት አማርኛ ግን አንዲት ናት፤ «ቶሎ ቶሎ»። እሷኑ ለሁሉም ያውላታል። ጠዋት ሲገባ ቶሎ ቶሎ፣ ማታ ሲወጣ ቶሎ ቶሎ፤ አንድ ጊዜ ሠርግ ተጠርቶ ሙሽሮቹንም እንዲሁ ብሏቸዋል። በየማሽኑ የተቀመጡት የገጠር ልጆች ግን በእሱ የእናት ቋንቋ መቁጠር ከቻሉ ቆይተዋል። ስድቡንም ለይተው ያውቁታል፤ እኔ እስካለዝበው አይጠብቁም። እሱን ቋንቋ ተማር ያለው የለም፤ ለፈተናም ያስቀመጠው የለም። እሱ ስደተኛ አይባልም፤ ኤክስፐርት ነው የሚባለው።

በቤታችን ስደተኛ የምትባለው ታናሽ እህቴ ናት። ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ከእናታችን ጋር ነበር የምትኖረው። ዓረብ አገር ሄዳ ሰው ቤት ለመሥራት ስትነሳ፣ ሳይማሩ መሄድ ጥሩ አይደለም ብዬ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ወደዚያ ለሚሄዱ ልጆች ዓረብኛ የሚያስተምር ሰው ፈለግሁላት። ጥቂት ቀን ተመላልሳ ተወችው። አብዛኛውን አውቀዋለሁ አለች። እውነቷን አልነበረም ማለትም አይቻልም። ወሎ ያደገ ሙስሊም ሳይማረው የሚያውቀው ዓረብኛ ብዙ ነው፤ ለትዕግሥት ሰብሩ፣ ለመከራ ሙሲባው፣ ሐቁም ዱዓውም ከእናት ጡት ጋር የሚገባ ነው። መምህሩ መጥረጊያና ካውያ እያለ ሲደክም፣ እሷ የከበደውን ክፍል ጨርሳ ቀላሉ የቀራት መስሏት ነበር። እናታችንም «የዲኑን ያወቀ የመጥረጊያው አያቅተውም» ብላ አጸደቀችላት።

ከምታውቀው ሁሉ የምትወደው «አብሽሪ» የሚለውን ነበር። ወሎ ላላደገ ሰው ልንገረው፤ አብሽር ማለት በእኛ አይዞህ ማለት ነው፤ ለሴት ሲሆን አብሽሪ። ላሟ ለሞተችባት፣ ልጇ ፈተና ለወደቀባት፣ ለቅሶ ለተቀመጠች ሴት ሁሉ አብሽሪ ይባላል። ቃሉ ደግ ነው፤ የተናገረውን ሰው ምንም ግዴታ ውስጥ አያስገባውም። አብሽሪ ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እዚያ የገባችበት ቤት እመቤት ስሞታ የማያልቅባት ሴት ነበረች። ራሴን አመመኝ፣ ልብሱ ተከመረ፣ የባሌ ዘመዶች ሊመጡ ነው ትላለች። እህቴ ታዝንና «አብሽሪ» ትላታለች። ወዲያው የሴትዮዋ ፊት ይፈካል። የወሎ ማጽናኛ ባሕር ተሻግሮ እንዲህ መሥራቱ እህቴን አስደስቷት በስልክ የድምፅ መልእክት ትልክልን ነበር። ለካ በእነሱ አገር አብሽሪ ማለት «እሺ፣ በእኔ ጣይው፣ እንዳልሽው ይሆናል» ማለት ኖሯል። እህቴ ባጽናናች ቁጥር ሥራ ይጨመርላታል። ሥራው ሲጨመር ሴትዮዋ የባሰ የተጨነቀች ይመስላትና የበለጠ ታጽናናታለች። እመቤቲቱም ለጎረቤቶቿ፣ እንዲህ ያለች ታዛዥ ከየትም አልመጣችልኝም ትል ነበር አሉ።

ውሏ አልቆ ሻንጣዋን ስታስር እመቤቲቱ አለቀሰች። ልጆቹ ለምደውሻል፣ ለማን ጥለሽኝ ትሄጃለሽ፣ ቆዪልኝ አለቻት። የእህቴ አንጀት የሰው እንባ አይችልም። ለምታለቅስ ሴት የሚባለውን አለቻት። ሴትዮዋ ግንባሯን ሳመቻት። ትኬት ይቆረጥልኛል ስትል ውሉ ታደሰ። አገሬ ልገባ ነው እኮ ብትል፣ በገዛ አፍሽ ብለሽ የለም ወይ ተባለች። ቃሉን ያን ቀን ተማረችው፤ ሁለት ዓመትም ተጨመረባት። ያ የአውሮፓ አገር ፈተና የወደቀውን ያስወጣል። የእህቴ ፈተና ደግሞ የወደቀውን አላስወጣም አለ።

እህቴ ይህን በስልክ ስትነግረን መጀመሪያ ሳቅን፤ ቦሩ ሜዳ ያልሳቀ አልነበረም። እናቴም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየተንፈቀፈቀች ሳቀች፤ ከዚያ ግን ዓይኗን ጠረገች። ዓይኗ እየደከመ ነው። ሐኪሞቹ በአንዱ ተስፋ ቆርጠዋል፤ በሌላውም ቢሆን ሰው ቀረብ ካላላት አትለይም። አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇን በዳበሳ ሳይሆን በዓይኗ ማየት። እኔም ያን ቀን ከሳቁ በኋላ እጅግ ተናድጄ ነበር፤ በሴትዮዋ ይሁን በቃሉ ለይቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ውል ሊያልቅ ሲቃረብ፣ አንድ ጁምዓ ከሰዓት ቦሩ ሜዳ ሄጄ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ በመካከላችን አስቀመጥኩት። እህቴ እመቤቷ ሦስተኛ ልጅ መውለዷን ነገረችን። እናቴ ማሻ አላህ አለች፤ ወዲያው ግን ሁልጊዜ የምትጠይቀውን ጠየቀቻት። መቼ ነው የምትመጪው፣ ዓይኔ ሳይጠፋ ልይሽ አለቻት።

«አብሽሪ እማ» አለች እህቴ። ቀጥሎ የሕፃን ለቅሶ ተሰማና ስልኩ ተዘጋ።

እናቴ የተዘጋውን ስልክ በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አሁን ያለችኝ በእኛ ነው በእነሱ?»

እንዲህ ያለ ትርጉም ፋብሪካ ውስጥ ገጥሞኝ አያውቅም። በእኛ ከሆነ ልጇ አጽናንታታለች፤ አትመጣም ማለት ነው። በእነሱ ከሆነ እሺ ብላታለች፤ ትመጣለች። ድምፁ አንድ፣ ፊደሉ አንድ። የሰው አገር ቋንቋ ይማር አይማር ብለው የሚከራከሩት ሰዎች ይህኛውን ጥያቄ አላነሱትም። ጠይቄ እነግርሻለሁ አልኳት።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ከፋብሪካው ግቢ ለእህቴ ደወልኩ። እናታችን የጠየቀችውን ቃል በቃል ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ከኋላዋ እመቤቲቱ ስትጠራት ይሰማኛል፤ እህቴም አፏን ከስልኩ ዞር አድርጋ ያንኑ ቃል መለሰችላት። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች።

«ወላሂ ወንድሜ፣ ከአፌ ሲወጣ እኔም አልለየሁትም» አለችኝ። «ለእማ የሚቀላትን ንገራት።»