«እህቷ ነኝ» ያሉት ሴት

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ጎፋ በአንዲት የቀበሌ ቤት ብቻዬን ስኖር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይሄኛው ግን ከልቤ አልወጣም።

ወንድሜ ብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል፤ እናቴ አገር ቤት ናት። መጀመሪያ አንገቴ ሥር እብጠት ወጣ፤ ቀጥሎ ሳልና ትንፋሽ ማጠር መጣ። ጎረቤቶቼ «የሳንባ በሽታ ነው» ብለው ብርጭቆዬን ለዩብኝ። ምንም አልመሰለኝም ብል ውሸት ነው፤ በጣም ከፍቶኝ ነበር።

ሆስፒታል ስተኛ ሳንባዬ ዙሪያ ውሃ መቋጠሩን ነገሩኝ። ትራስ አቅፌ ጎንበስ አልኩና ከጀርባዬ በመርፌ ቀዱልኝ። አቤት እፎይታው! ግን ውሃው ተመልሶ ይሞላል። ከአንገቴም ናሙና ወሰዱ።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ «ከቤተሰብ ማን አለ?» አለ።

«ማንም የለም። ለእኔ ይንገሩኝ።»

«ግድ የለም፣ ዘመድ ሲመጣ እንነጋገራለን» ብሎኝ ሄደ።

ያኔ ክፉ በሽታ ለዘመድ እንጂ ለበሽተኛው አይነገርም ነበር። ዘመድ የሌለው ምን ይሁን? የሌሎቹ አልጋ በጠያቂ ተከቧል፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። ብሞት እንኳ መርዶዬን የሚቀበል ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረኝም።

በማግስቱ ሐኪሙ ያንኑ ሲጠይቅ፣ ከጎኔ የተኙትን አማታቸውን የሚያስታምሙ እትዬ ዘነቡ የሚባሉ የፉሪ ሴት ብድግ አሉ።

«እኔ እህቷ ነኝ።»

ከሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። ተከትለውት ወጡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ምን አለዎት?»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «የእውነት እህትሽ ብሆን እደብቅሽ ነበር። ባዳ ነኝና ልንገርሽ። የዕጢ ካንሰር ነው። መድኃኒት ይጀምሩልሻል፤ እሱ ከሠራ ውሃውም ይቆማል ብሏል።»

እጃቸውን ያዝኩ፤ ደነገጥኩም፣ ቀለለኝም።

ከዚያ በኋላ ውሃው ሲቀዳ በትራሱ ፈንታ እሳቸው ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ፤ እኔ ትከሻቸው ላይ እደፋለሁ። «አይዞሽ፣ አትሳዪ፣ አትነቃነቂ» ይሉኛል። አማታቸው ድነው ሲወጡ ተለያየን። እኔም መድኃኒቱ ሠራልኝ፣ ውሃውም ቀረ። ፉሪ ሄጄ ባጠያይቅ የሚያውቃቸው አጣሁ።

ወንድሜ በሕይወት ተመለሰ፤ ዛሬ ከልጆቹ ጋር ነው የምኖረው። ሲያመኝ ሐኪሙን ወደ ውጭ ይጠሩትና ትንሽ ቆይተው እየሳቁ ይገባሉ። «ምንም አይደለም፣ አክስቴ» ይሉኛል። በፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ግን እንዲያ ሲሉኝ እትዬ ዘነቡ በጣም ይናፍቁኛል።