ነጭ በነጭ ላይ የሞከርኩት ፖሊሽ

አዲሱ ፖሊሽ ሲላክልኝ ጠርሙሱ ያው የድሮው ነበር። አንገቱ ላይ ትንሽ ቢጫ ወረቀት ከመለጠፉ በቀር የሚለየው ነገር አልነበረም። ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያቀርብልን ነጋዴ በስልክ እንዳስረዳኝ ውስጡ ያለው ቅመም ተቀይሯል። ድሮ የሚያበራ ብቻ የነበረው አሁን ጭረት ያጠፋል፣ ያበራል፣ ከላይም ቀለሙን ፀሐይና ዝናብ እንዳይነካው ያሽጋል። ለሙከራ ጋምቤላን የመረጠበትን ምክንያትም አልደበቀኝም። እዚህ ፀሐይዋ ቀለም ትጠብሳለች፣ ዝናቡ ሲይዝ አያባራም፣ መንገዱ ግማሹን ዓመት አቧራ ግማሹን ዓመት ጭቃ ነው፤ እዚህ የቆየ ፖሊሽ የትም ይቆያል ባይ ነው። አንተ ሞክረህ ጥሩ ነው ካልከኝ ለሌሎቹም አከፋፍላለሁ አለኝ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ሰው ሲቆጣኝ ብዙም አልደነግጥም፤ ሰው ሲያምነኝ ግን እጨነቃለሁ።

ላቫጆአችን ከከተማው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሁለት የማንጎ ዛፎች ሥር ነው። ላቫጆአችን ስል የእኔና የአንድ ከኢታንግ የመጣ ባልደረባዬ ማለቴ ነው። እሱ አማርኛን የለመደው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ስለሆነ ቃል አያባክንም። እኔ በሰፈራ ከመጡ ደገኞች የተወለድኩ ነኝ፤ የሁለታችንንም ድርሻ እኔ አወራለሁ። ደንበኞቻችን በአብዛኛው ከኩሌና ከፑኝዶ የስደተኞች መጠለያ የሚመላለሱ የእርዳታ ድርጅት መኪኖች ናቸው። ሁሉም ነጭ ናቸው። የመንግሥት ቢሮ መኪኖችም ቢሆኑ ነጭ ናቸው። ባጃጆቹ በየቀለሙ አሉ፤ ነገር ግን ባጃጁን ፖሊሽ የሚያስደርግ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሌላ ቀለም ያለው መኪና በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው።

ሹፌሮቹን አስፈቅጄ አዲሱን ፖሊሽ በሦስት መኪኖች ላይ ሞከርኩት። ኮፈኑን መሃል ለመሃል በወረቀት ፕላስተር ከፍዬ ግማሹን በድሮው፣ ግማሹን በአዲሱ ሠራሁ። ቶሎ ይደርቃል ወይ፣ ሲጠረግ ይለቃል ወይ፣ ውሃ ያንከባልላል ወይ እያልኩ እያንዳንዱን ነገር ደብተር ላይ አሰፈርኩ። በአዲሱ በኩል ውሃው ጎመን ቅጠል ላይ እንደፈሰሰ እየተንከባለለ ወረደ። ቁጥቋጦ የቧጨረው ጭረት ሁሉ ድራሹ ጠፋ። ፖሊሹ ነጭ ክሬም ነው፤ ስፖንጁ ነጭ ሆኖ ይገባል፣ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ፣ ዝናብም መታቸው፤ ውሃው አሁንም ይንከባለላል። ከዚያ ለነጋዴው ደወልኩና ይሄማ ከድሮው በብዙ ይበልጣል፣ ዓይንህን ጨፍነህ አከፋፍል አልኩት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ሲስተር መጡ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሰፈራ ጣቢያችን ጤና ኬላ እያሉ የልጅነት ክትባቴን የወጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ከተማው ሁሉ ሲስተር ይላቸዋል። ይዘውት የመጡት ትንሽዬ ጥቁር መኪና የባለቤታቸው ነበር። ባለቤታቸው አምስተኛ ክፍል አስተምረውኛል፤ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። መኪናውን ሲገዙት ቀለሙ ተልጦ ነበር። መምህሩ አንድ የመንፈቅ ዕረፍት ሙሉ ግቢያቸው ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁት ሰነበቱ። ከዚያ ኮምፕሬሰር ተውሰው በገዛ እጃቸው ጥቁር ቀቡት። የባለሙያ ሥራ አይደለም፤ አንዳንድ ቦታ ወፍሯል፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ሳስቷል። ፋብሪካ የሚቀባውን ያህልም አይጠነክርም። ሲስተር ግን ሌላ ሰው ደግሞ እንዲቀባው አንድም ቀን ፈቅደው አያውቁም።

ልጃቸው እሁድ ልትዳር ነው። ከአባቴ መኪና በቀር በሌላ አልሄድም ብላለች። ሲስተር በሩን በመዳፋቸው እየዳበሱ «የሱ እጅ ያረፈበት ነው፤ አብራልኝ እንጂ ሌላ ምንም እንዳታደርግብኝ፣ አደራ» አሉኝና ወደ ልብስ ሰፊው ሄዱ።

አጥበን አደረቅነው። በአዲሱ ፖሊሽ ከኋላው በር ጀመርኩ። የፖሊሽ ማሽኑን ጥቂት እንዳስኬድኩ ስፖንጁን ገልብጬ ሳየው ጠቁሯል። የዓመታት ቆሻሻ ነው ብዬ አጠብኩትና ቀጠልኩ። ደግሞ ጠቆረ። ባልደረባዬ መጥቶ ስፖንጁን ከማሽኑ ላይ ነቀለና በጣቱ አሸት አሸት አደረገው።

«መኪናው ታጥቧል» አለ። «ይሄ ቆሻሻ አይደለም። ቀለም ነው።»

ያኔ የበሩን ጠርዝ አየሁት። ጥቁሩ አልቆ፣ ሥሩ ያለው ግራጫ አውራ ጣት በሚያህል ርዝመት ብቅ ብሏል። ክው አልኩ። መኪናውን ደገፍ ልል እጄን ዘርግቼ መኪናውን መንካት ራሱ ፈርቼ መልሼ ሰበሰብኩት። አዲሱ ፖሊሽ ጭረት የሚያጠፋው ቀለሙን ከላይ እየፋቀ ኖሯል። ሦስቱ ነጫጭ መኪኖች ላይም ፍቋል። ነጭ ቀለም በነጭ ክሬም ላይ፣ ነጭ ስፖንጅ ላይ፤ ምን ይታየኛል? እዚያ የፋብሪካ ቀለሙ ወፍራም ስለሆነ ቻለው። የመምህሩ ቀለም ግን እንዲህ ያለ ነገር የሚችል አልነበረም። ከተማችን በሙሉ ነጭ መኪና ሆኖ ሳለ በነጭ ከሞከርኩት ሌላ ሙከራ የሚያስፈልገው መስሎ አልታየኝም ነበር። ሌላው ቢጠፋ አንድ የቆየ ጥቁር በርሜል ላይ አሽቼ ማየት እችል ነበር፤ ግን አላሰብኩትም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሳስበው አሁንም አፍራለሁ። አጠገባችን ካለው ሊስትሮ ጥቁር የጫማ ቀለም ለመንኩና በጣቴ ጠርዙ ላይ ቀባሁት፣ በጨርቅም ወለወልኩት። ልክ ሆነ። ጎንበስ ብዬ ከቀኝ አየሁት፣ ከግራ አየሁት፤ አይታይም። ትንፋሼ መለስ አለልኝ። ሲስተር ዓይናቸው ደክሟል፣ እሁድ ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ እግዜር ያውቃል አልኩ። ሰው ሲፈራ እንዴት ያለ ብልጥ እንደሚሆን ያኔ በራሴ አየሁት።

ባልደረባዬ ግን ቆሞ በሩን ያያል። «ሙሽራዋ በዚህ ነው የምትወርደው?» አለኝ።

አዎ፣ በዚህ ነው አልኩት።

«ልብሷ ነጭ ነው?»

ንጹህ ነጭ ጨርቅ አነሳሁና ጠርዙን ቀስ ብዬ ነካ አደረግሁት። ጨርቁ ላይ ጥቁር መስመር ወጣ። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ ስትወርድ፣ ጠርዙ ጭኗን ሲነካ፣ ሚዜዎቹ ሲያዩ፣ እናቷ ሲያዩ፣ ሁሉም በዓይኔ ሄደ። ቀለሙን በሳሙናና በውሃ አስለቀቅሁት። ግራጫው እንደገና ብቅ ሲል እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ፣ ሽሽቱ ነው የመጣብኝ፤ ወደ ባሮ ወርጄ ድልድዩ ሥር ተቀምጬ ሰዓቱን ላሳልፈው፣ ባልደረባዬ ይንገራቸው ብዬ አስቤ ነበር። እሱ የምሸሽበትን መንገድ ያየ ይመስል የላቫጆውን የአጥር በር ዘግቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ሲስተር ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ መጡ። ቀሚሱ ጠዋት ስላላለቀ ተመልሰው ሊያነሱት እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት መኪናውን ልይ ብለው እንደገቡ እየነገሩኝ ነበር። መሃል ላይ አቋረጥኳቸው። በሩን ከፈትኩና ጠርዙን አሳየኋቸው። ለመናገር ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፍቶብኝ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ፖሊሹን ሳላውቀው ነው የተጠቀምኩት፣ በጫማ ቀለምም ልደብቅዎት ነበር አልኳቸው። የመጨረሻውን ለምን እንደተናገርኩት አላውቅም፤ አንዴ ከተከፈተ አፌ አልዘጋ አለኝ።

አልተቆጡም። ጣታቸውን ግራጫው ላይ አሳርፈው ቆዩ። እኔ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አለመቆጣታቸው የባሰ አስፈራኝ።

«ሌላስ በዚህ የሠራኸው አለ?» አሉኝ።

ስለ ነጫጮቹ መኪኖችና ለነጋዴው ስለሰጠሁት ቃል ነገርኳቸው። ለሰውየው ነግሬው እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አልነገርኩትም። ጤና ጣቢያ እያሉ የተበላሸ መድኃኒት የደረሳቸው ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርጉት ለሌሎቹ ጣቢያዎች ማሳወቅ እንደነበር፣ የራሳቸውን ጥፋት የሚያስቡት ከዚያ በኋላ እንደሆነ ነገሩኝ። ድምፃቸው ልክ መርፌ ሲያዘጋጁ እንደነበረው የረጋ ነው።

«አሁን ደውልለት። እኔ እየሰማሁ።»

ደወልኩ። ቁጥሩን ያወጣልኝ ባልደረባዬ ነው። ነጋዴው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ዓይንህን ጨፍን ያልከኝ አንተ አይደለህም ወይ አለኝ። ነኝ አልኩት። ለሁለት ከተማ ልኮ እንደነበር፣ አሁኑኑ ደውሎ እንደሚያስቆመው ተናግሮ ሳይሰናበተኝ ዘጋው።

ሲስተር ጠርዙ ላይ ምንም እንዳላደርግበት፣ እንዳለ እንዲቆይ አዘዙኝ። ማሽንም ፖሊሽም ቀርቶ ሌላውን አካሉን በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ እንዳጸዳው ነገሩኝ። ጥቁር የሆነውን ስፖንጅ ከመሬት አነሱት። ልጥለው እጄን ስዘረጋ አልሰጡኝም፤ ውሃውን ሳይጨምቁ በፌስታል ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ያኔ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ወደ ባልዲው ጎንበስ አልኩ።

ጨርቁን ነክሬ ስነሳ የሄዱ መስሎኝ ነበር። ሲስተር ከዚህ በፊት መኪናውን ባመጡ ጊዜ ቁልፉን መዳፌ ላይ ጥለው፣ ወደ ኋላም ሳያዩ ነበር የሚሄዱት። ያን ቀን ግን ወንበር እንዳለኝ ጠየቁኝ። ባልደረባዬ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አምጥቶ ከመኪናው ፊት ለፊት አኖረላቸው፤ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው ሁለት ጊዜ ደወለላቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ይጠብቀኝ አሉት። የመጨረሻውን በር ጠርጌ እስክጨርስ ድረስ ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አላነሱም።