ልጄ የምትዘጋው መዝሙር

ያለ ጥፋቴ ታስሬ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ባንድ በሚኒባስ ጭኜ ስሄድ ስፒከሩን አይተው «ሕዝብ ለመቀስቀስ ነው» ብለው አሰሩኝ። ልጄንም አብረው አሰሩ። ከዚያ «እንዲህ ያለች ልጅ እዚህ የለችም» አሉኝ። በደሉ ይኸው ነው፤ ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም።

የጅማ ሹፌር ነኝ። ከጅማው መርካቶ ወደ ቡና ከተሞቹ እመላለሳለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ ለመንጃ ፈቃድ ብዬ ነው። ያስቆጠረችኝ ልጄ ናት፤ አጻጻፌ ካልጣማችሁ ለእሷ ንገሯት።

እኛ ቤት ጾሙም ዝክሩም ሳይጓደል የኖርን ኦርቶዶክሶች ነን። እሷ ጴንጤ ሆነች፣ የባንድ ዘማሪ ሆነች። አልወደድኩትም፤ አሁንም አልወደውም። ግን ባንዱ ስፒከር እንጂ መኪና የለውም። ስለዚህ የማመላልሳቸው እኔ ነኝ። ልምምድ ሲያደርጉ አልገባም፤ ውጭ መሪው ላይ ተደግፌ እጠብቃለሁ። አመላቸውን ያወቅሁት እዚያ ሆኜ ነው። መዝሙር መጀመር ለማንም የተፈቀደ ነው፤ መጨረስ ግን የዘማሪዋ ብቻ ነው። እሷ እስክትዘጋው ያንኑ ዙር ይዞራሉ፣ ይዞራሉ። ሲበቃት ሦስት ጊዜ ታጨበጭባለች፤ ሁለቱን ፈጠን፣ አንዱን ዘግየት አድርጋ። ያኔ ድራሙ ይዘጋል፣ እኔም ሞተር አስነሳለሁ።

ጊዜው የቡና ለቀማ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቡ ከተማን አልፈን፣ ለእሁድ ፕሮግራም ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ስንቃረብ ኬላ ላይ አስቆሙን።

«ይሄ ሁሉ ስፒከር ለምንድነው?»

«ለመዝሙር» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይሄን ያህል አይሰማም እንዴ?»

«እሱማ ያለ ስፒከርም ይሰማል፤ ለሕዝቡ ነው» አለ ኪቦርድ ተጫዋቹ። የዚህ ልጅ አፍ አያርፍም። «ሕዝብ» ሲል ሁላችንንም አወረዱን።

ያስገቡን ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። ጆንያውን ካወጡለት ዓመታት ቢያልፉም ግድግዳው አሁንም የጀንፈል ሽታ ይተፋል። ወለሉ ሳንቃ ነው፤ በየስንጥቁ የቡና ፍሬ ተሸጉጧል። ከኛ በፊት የገቡ እስረኞች እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልን። ልጄን ግን ከበሩ ላይ ነጥለው በጓሮ በኩል ወሰዷት። ዞር ብላ «አባዬ፣ አይዞህ» አለችኝ። እኔ ነበርኩ ማለት የነበረብኝ፤ ቀደመችኝ።

ስሟን ጮክ ብዬ ጠራሁ። ጠባቂው በሩን በርግዶ ገባ።

«ስም የጠራ ይወጣል፤ እንደገባ ግን አይመለስም።»

«ልጄን የት አደረጋችኋት?»

«ምን ልጅ? እዚህ ሴት የለችም።»

«አሁን አብራን ገባች እኮ!»

«የለችም አልኩህ! ጆሮህን ጥረግ።»

ጠባቂው በልጄ ዕድሜ ያለ ነው። ጎህ ሲቀድ በጓሮ በኩል የፒክአፕ ሞተር ተነሳ፣ ወጣ፣ ራቀ። ሴቶቹን ወደ ሌላ ቦታ እንደሚያዛውሩ ከቀደሙን እስረኞች ሰምተን ነበር። በሕይወቴ ስንት ሞተር ሰምቻለሁ፤ ያንን ግን ድምፁ እስኪጠፋ በጆሮዬ ተከተልኩት። ወስደዋታል ወይስ አለች? ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ከጎኔ አንድ የመርካቶ ጫት ነጋዴ ነበር። ተነስቶ ሰገደ። ጠባቂው ለቆጠራ መጥቶ በሩ ላይ ደረሰ፤ ሰውየው ስግደት ላይ መሆኑን ሲያይ ቆሞ ጠበቀው። ሲጨርስ ነው «ተነሱ!» ብሎ የጮኸው።

ነጋዴው ወደኔ ጠጋ አለ። «አየኸው ጋሼ ሹፌር? ወላሂ፣ እዚህ ቤት የሚከበር አንድ ነገር ቢኖር ጸሎት ነው። ከጀመርክ እስክትጨርስ አይነኩህም። እናንተስ፣ ዛሬ እሁዳችሁ አይደል?»

ድራመሩ ከተጋደመበት ብድግ አለ። ዓይኑ በራ።

«እሱስ ነው፤ ግን ዘማሪ የለንም» አለ ቤዝ ተጫዋቹ። «ማን ይዘጋዋል?»

ድራመሩ እኔን አየ፣ እኔም እሱን። ሁለታችንም አንድ ነገር መጣልን።

«እሷ ከጓሮ ትዝጋው» አልኩ።

«ከሌለችስ፣ ፋዘር?» አለ ኪቦርዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። 

ከዚያ ክፍሉ ተገለበጠ! ድራመሩ የውኃውን ጀሪካን ደፍቶ ጭኑ መሃል አስገባው። ቤዙ ከንፈሩን አሹሎ «ዱም ዱም» ማለት ያዘ፤ ደረቱ እንደ ስፒከር ይነዝራል። ኪቦርዱ ግድግዳውን በጣቶቹ እየደበደበ በአፍንጫው ያዜማል። ነጋዴው ከወለሉ ስንጥቅ የቡና ፍሬ በሚስማር እየነቀለ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ጨመረ፤ ነቀነቀው፤ ቸሽ ቸሽ አለ።

«ፋዘር፣ ይችን እርስዎ ይያዙ» አለኝ ድራመሩ።

«እኔ ጴንጤ አይደለሁም።»

«ሃይላንዱም አይደለም» አለ ነጋዴው። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ያዝኩት።

ጀመርን። አምላኬ! ያንን ዙር ስንቴ ውጭ ሆኜ እየተራገምኩ ሰምቼዋለሁ። ውስጡ ሲገቡ ሌላ ነው። ወለሉ ይዘላል፣ እኔም ቂጤ እየዘለለ ሃይላንዴን እንቀጠቅጣለሁ። እስረኛው ሁሉ ያጨበጭባል። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር፣ እንደገና።

«ጨሊሳ! ዝም በሉ!» ጠባቂው ዱላ ይዞ መጣ።

«ኦቦ፣ ጸሎት ላይ ናቸው» አለው ነጋዴው። «ሲጨርሱ ትመታቸዋለህ፤ ማን ከለከለህ?»

ጠባቂው ዱላውን አወረደ። «እሺ። ጨርሱ» ብሎ በሩን ተደገፈ።

እኛ ግን አንጨርስም። እየዞርን ጆሯችን ጓሮ ነው። ምንም የለም። የቤዙ ከንፈር ደረቀ። የድራመሩ መዳፍ ተልጦ ጀሪካኑ ላይ ቀይ እያተመ ነው።

«ይሄ መዝሙር ጅራት የለውም እንዴ?» አለ ጠባቂው።

«የጴንጤ ነው፣ ታገስ» አለው ነጋዴው።

«አሜን በሉና አብቁ!»

«አልደረሰም!» አለ ኪቦርዱ እየዘለለ። ጠባቂው ተቆጥቷል፤ እግሩ ግን ሳያውቀው ወለሉን ይመታል። በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ከቢሮ በኩል አለቃው ተጣራ። ጠባቂው ዱላውን አነሳ። «በቃ!» ብሎ አንድ እግሩን አስገባ። ድራመሩ ዓይኑን ጨፍኖ መታ፤ እኔም ነቀነቅሁ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ በይ፣ በይ፣ በይ እያልኩ።

ያኔ ከጓሮ መጣ። ፈጠን። ፈጠን። ዘግየት።

ቀኝ እጄ በራሱ ሞተር ሊያስነሳ ተነሳ። ድራመሩ ጀሪካኑን አንዴ መትቶ ዘጋው። ጸጥ።

«አሜን» አለ ጠባቂው። አፉን ቢይዝም አምልጦታል።

የሳቀ አልነበረም፤ አለቃው ደርሷል። «ማነው የጀመረው?»

ድራመሩ ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዤ ቀድሜው ተነሳሁ። ሃይላንዱ እጄ ላይ ነው።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ማነህ?»

«የዚያች እዚህ የለችም ያላችሁኝ ልጅ አባት።»

አለቃው ጠባቂውን አየው። ጠባቂው ወለሉን አየ።

«ተቀመጥ» አለኝ አለቃው።

«መቆም ይሻለኛል።»

ትንሽ ቆሞ አየኝና ወጣ። በሩ እስኪዘጋ ቆሜ ቆየሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጠባቂው ብቻውን መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሚልኩላት ነገር አለ፣ አባ?» አለኝ። የዳቦዬን ግማሽና ሃይላንዱን ሰጠሁት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከጓሮ ቸሽ፣ ቸሽ ይሰማ ነበር።

በዋስ ስንወጣ በሩ ላይ ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ገና ስትጀምሩ ሰምቻችኋለሁ» አለችኝ። «እንዳላጨበጭብ አንዲት ሴት ጠባቂ አጠገቤ ነበረች፤ እስክትወጣ ጠበቅሁ። አባዬ፣ አንተም እንዳለህ ያወቅሁት በሃይላንዱ ነው። እንደዚያ ዙሩን የሚስት ሌላ ሰው የለም።»

ይቅርታ የጠየቀን የለም፤ አልጠብቅምም። ዛሬም አደርሳቸዋለሁ። ዛሬም አልገባም። ልምምዱ ቢረዝም ግን መራገሙን ትቻለሁ፤ ከሚኒባሱ ኪስ ሌላ ሃይላንድ አውጥቼ ውጭ ሆኜ ዙሩን እስታለሁ።

ስፒከሮቹን አንዱ ተቀዶ መለሱልን፣ ፋይሉም ተዘጋ። የተዘጋበት ዕለት ጥር አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ቀን ነበር።